አዛውንቶቻችን በጤና ጥናት ሲሳተፉ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ነርስ ነኝ። ደሴና ዙሪያዋ በአረጋውያን ጤና ላይ ለሚሠሩ ጥናቶች መረጃ ሰብስቤያለሁ። «እናት አባታችን ይሳተፉ ወይስ ይቅርባቸው?» ለምትሉ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥ፦ አባቴ ደካማ ናቸው። ደም ወስደው ቢጎዷቸውስ?
አብሽር። ለስኳርና ለኮሌስትሮል የሚቀዳው ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። ጭራሽ ደም የማይነካ ጥናትም ሞልቷል።

ጥ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምን ያስደርጓቸዋል?
የተለመደው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ ነው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። ከዘራ ከያዙ በከዘራቸው ይሂዱ። ሰዓት መያዣውን ሲያዩ ግን እናቶቻችን እሽቅድምድም ይመስላቸዋል! እንደ ወትሯቸው እንዲራመዱ ንገሯቸው።

ጥ፦ ዕድሜያቸውን በትክክል አያውቁም።
ብዙዎቹ አያውቁም። «ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? በ66ቱ ረሃብ አግብተው ነበር?» እያልን እንገምታለን። 77ን ስንጠይቅ ግን ቀስ ብለን ነው። ወሎ ውስጥ ያን ዓመት ልጅ የቀበረ ሰው ብዙ ነው።

ጥ፦ ማንበብ ካልቻሉ እኔ ልፈርምላቸው?
አይሆንም። ቅጹ ይነበብላቸዋል፤ ከተስማሙ ከጥናቱ ጋር ንክኪ የሌለው ምስክር ባለበት በአውራ ጣታቸው ያትማሉ። አእምሯቸው ደህና እስከሆነ ድረስ ፈቃዱ የእሳቸው ነው። እናንተ ልጆች ግን ሳትጠይቋቸው እሺም እምቢም ትሉላቸዋላችሁ፤ ይህ ነገር ያናድደኛል።

ጥ፦ ከተሳተፉ ይታከማሉ?
ጥናት ሕክምና አይደለም። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከተገኘ ወደ ጤና ተቋም ይላካሉ፤ መድኃኒት ግን አትጠብቁ።

ጥ፦ ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ 68 ዓመቴ። ከመለካት ያለፈ ሚና የለንም?
ጋሼ፣ ዋናውን ጠየቁ። የምንጠቀምባቸው መጠይቆች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ሌላ አገር ነው። አረጋውያን የዕለት ኑሯቸውን በራሳቸው መምራት መቻላቸውን የሚለካው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎውተን መጠይቅ ምግብ ማብሰልን አንዱ የአቅም መለኪያ ያደርጋል። አንድን የወሎ አባት «ያበስላሉ?» ቢሏቸው «ሚስቴ እያለች?» ይላሉ፤ እኛም አቅም አነሳቸው ብለን እንመዘግባለን። «ለሶላት ሱጁድ ወርደው፣ ወይም ለስግደት ተደፍተው ሳይደገፉ ይነሳሉ?» ብንል ግን ጉልበታቸው ወዲያው ይታወቃል። ይህን ማረም የሚችለው እርስዎን የመሰለ ሰው ነው። ስለዚህ አጥኚዎች ሲመጡ «መጠይቁን ሳትጀምሩ አሳዩን» ይበሉ። ውጤቱንም ለቅሬው (ለእድሩ) ስብሰባ መጥተው እንዲናገሩ ከወዲሁ ቃል ያስገቧቸው። ጥሩ አጥኚ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ የሚኮሳተር ካጋጠመዎት ይጠርጥሩት።

ጥ፦ ክፍያ አለው?
የትራንስፖርትና የጊዜ ማካካሻ ሊኖር ይችላል። ለመሳተፍ ክፈሉ የሚላችሁ ግን አጭበርባሪ ነው።

ጥ፦ መሃል ላይ ቢተዉትስ?
በፈለጉ ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጡ። መደበኛ ሕክምናቸውም አይነካም።

ጥ፦ ረመዳን ላይ ቢቀጠሩስ?
የጾም ስኳር የሚለካው ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሱሁር የበላ ሰው ጠዋት ቢመረመር ሰዓቱ አልሞላለትም፤ ለደሙ ከሰዓት ይቀጠሩ። የእርምጃ ልኬቱ ግን ከኢድ በኋላ ይሁንላቸው። ውሃ ሳይጠጡ የዋሉ አዛውንትን ተነሱ ተቀመጡ ማለት ለእሳቸውም ለመረጃውም አይበጅም።