ቁልፍ የተሳለበት የመንጠቆ ካርቶን

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። አያቴ መጋላ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፣ ከሳቸው ደግሞ አባቴ ተረከበ። የዓሣ መረብ፣ ሲባጎ፣ መንጠቆ፣ ቡሽና እርሳስ ነበር የሚሸጡት። አባቴ አምና አረፈ። ሱቁን ስናስረክብ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያልተከፈተ የመንጠቆ ካርቶን አገኘሁ። የቁልፍ ሥዕል አለው፣ ከሥሩ በላቲን ፊደል ሙስታድ፣ ኖርዌይ ይላል። ልጆቼ «ሐይቅ በሌለበት በረሃ መረብ ማን ይገዛ ነበር?» እያሉ ይስቁብኛል። የሱቁን ታሪክ ልጽፍ አስቤያለሁ። ካርቶኑ የማነው? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በድሬ ልማድ አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ለልጆችሽ። ድሬ ሐይቅ የላትም፣ ባቡር ግን ነበራት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ከነዚያ 15 ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ሐዲዱ ድሬ ላይ ቆሞ ስለነበር ከመርከብ የወረደው ዕቃ ድሬ ላይ ይራገፍና ከዚህ በግመልና በበቅሎ ይጓዛል፣ የድሬ ነጋዴም ያኔ ነው ሥር የሰደደው። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ደግሞ ዓዴሌ ሐይቅ አለ፣ አለፍ ብሎ ሐረማያ፣ ያኔ ዓለማያ የምንለው። ልጅ ሆኜ ወደ ሐረር ስንሄድ መኪናው ሐይቁ ጋ ሲደርስ ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው መስኮት ድረስ ያመጡልን ነበር፣ ገና ውሃው እየተንጠባጠበ። ያንን ዓሣ ያወጣው መረብ ከሰማይ አልወረደም፣ የሆነ ሱቅ ነው የተገዛው። ሐዲዱን ይዘሽ ወደ ላይ ስትሄጂም ሞጆ አካባቢ ቆቃ ሐይቅ አለ፣ ሐይቁን የፈጠረው ግድብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከነዚህ ውስጥ የአያትሽ ደንበኞች የትኞቹ እንደነበሩ የሚነግርሽ የሱቁ የዱቤ ደብተር ነው፣ ከተገኘ። ስለዚህ በምንም ዓይነት እንዳትጥይው። አደራ!

ካርቶኑ ደግሞ ራሱን የቻለ የቤተሰብ ታሪክ አለው። ሙስታድ እ.ኤ.አ. በ1832 ኖርዌይ ውስጥ፣ ዮቪክ አጠገብ የተቋቋመ ነው። የጀመረው ሃንስ ሺከልስታድ ሲሆን መንጠቆ የሚባል ነገር አልሠራም፤ ሥራው ምስማርና ሽቦ ነበር። ከሱ የተረከበው አማቹ ኡለ ሙስታድ ነው፣ የልጁ ባል። ስሙም ያኔ ተቀየረ፣ ቆይቶ የኡለ ልጅ ሲገባበት «ኡ. ሙስታድ እና ልጅ» ተባለ። መንጠቆ የጀመሩት በ1877 ነው። ማቲያስ ቶፕ የሚባል ባለሙያ ሽቦውን ቆርጦ፣ አሹሎና አጥፎ መንጠቆ የሚያወጣ ማሽን ሠራላቸው። እስቲ አስቢው፣ ከዚያ በፊት መንጠቆ አንድ በአንድ በእጅ ነበር የሚታጠፈው። ያቺ ቁልፍ የነሱ ምልክት ናት። ፊደል ያልቆጠረ ዓሣ አጥማጅም ሱቅ ገብቶ «ያን ባለ ቁልፉን ስጠኝ» ማለት ይችላል። እኔ በዚህ ታሪክ የምወደው ሽቦው ያው ሽቦ መሆኑን ነው። ምስማር ሲሠሩበት የነበረውን እጅ ወደ መንጠቆ አዞሩት እንጂ የማያውቁት ሥራ ውስጥ ዘለው አልገቡም።

ካርቶኑ ላይ ቁጥርም ይኖራል፣ እሱን እይው። መንጠቆ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ዕቃው ያንሳል፤ 12 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው። ከ1 በኋላ ደግሞ 1/0፣ 2/0 እያለ ወደ ትልቁ ይሄዳል። ስለዚህ 2/0 ካለው አባትሽ ያመጣው ለአምባዛ ወይም ለሌላ ትልቅ ዓሣ ነው። 12 ከሆነ ለትንንሽ ዓሣ ነው። አየሽ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ማን ይገዛ እንደነበር ትጠቁማለች።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ እኔ ብሆን አያቴ መቼ ተወለዱ ከሚለው አልጀምርም። ከመረቡ እጀምራለሁ። ድሮ መረብ ከጥጥ ክር ነበር። ጥጥ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ከወጣ በኋላ ካልተሰጣና ካልደረቀ ቶሎ ያልቃል። ናይሎን እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ ዱፖንት ቤተ ሙከራ ተፈጠረ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የዓለምን መረብ ለወጠው። ይህ ለሱቅ ቀላል ነገር አይደለም። የጥጥ መረብ ደንበኛ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል፤ ናይሎን የገዛ ግን ይቆያል። አያትሽ በየትኛው ዘመን እንደሸጡ፣ ናይሎኑ ሲገባ ምን እንዳሉ፣ ቤት ውስጥ የተቀደደ መረብ የሚጠግን ሰው እንደነበረ ትልልቆቹን ጠይቂ። እናትሽን፣ አክስቶችሽን ጠይቂ። የባለሱቅ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ኋላ የቆመው ሰው ብቻ ይወራል፣ ጓዳ ተቀምጦ ሲባጎ ሲጠቀልል የዋለው ይረሳል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ከዚያ የዱቤ ደብተሩን በዓመት በዓመት ለይው። ሐረማያ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቋል። ለሐረር የሚሳበው ውሃ፣ የጫትና የአትክልት መስኖው፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል፣ ሁሉም ተደራርቦ ጨረሰው። ከብት ሲግጥበት በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው ተመልሷል፣ ስሄድ እቆምና አየዋለሁ። ግን ሐይቁ የሸሸባቸው ዓመታት ሱቃችሁ ውስጥ ምን ይመስሉ ነበር? መረብ የሚወስደው ሰው ከዓመት ዓመት እያነሰ ከሄደ፣ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፎ ያልተከፈለ ሂሳብ ከበዛ፣ የሐይቁን መድረቅ በአባትሽ የእጅ ጽሑፍ አገኘሽው ማለት ነው። ይህን ማንም መሥሪያ ቤት አልመዘገበውም፣ ያለው በአንቺ እጅ ነው።

ካርቶኑን በውሃ እንዳትጠርጊው፣ የተለጠፈው ወረቀት ይለቃል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ። ከመክፈትሽ በፊት በስድስቱም ጎን ፎቶ አንሺው፣ ቁጥሩን ደግሞ ላኪልኝ።