መልስ፦ ከመኪኖቹ በላይ የቀረው የቲያትር ጣሪያ

ወንድሜ፣ «ዘመናዊ ሕንፃ ውስጥ ተደብቆ የቀረ የድሮ ቲያትር ቤት በእርግጥ አለ?» ላልከው፣ አዎ አለ። በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ያለውን ሚሺጋን ቲያትር ፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1926 ሲከፈት 4,000 ያህል መቀመጫ ነበረው። በ1970ዎቹ ሊያፈርሱት ሲያስቡ፣ ተያይዞ የተሠራውን የቢሮ ሕንፃ እንዳያናጋ ተሰጋ፤ ስለዚህ ውስጡን አውጥተው ባለ ሦስት ደርብ የመኪና ማቆሚያ ሠሩበት።

መኪናህን አቁመህ ቀና ስትል ያ በጌጥ የተሞላ ጣሪያ እየተላጠ ይታይሃል። በፎቶዎቹ ላይ በመድረኩ በኩል የተቦጫጨቀ መጋረጃ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሄንሪ ፎርድ በ1896 የመጀመሪያ መኪናውን የሠራባት ትንሽ ቤት የነበረችውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።