ከፍታው ይገጥማል፣ ስርገቱ ግን አይታወቅም

ጥያቄ፦ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ላለው ረግረግ በሞድፍሎው (በኮምፒውተር ፕሮግራም) የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል እየሠራሁ ነው። በስድስት ጉድጓዶች የለካሁትን የውሃ ከፍታ ያወጣልኛል። ነገር ግን የአፈሩንና የሐይቁን ወለል አስተላላፊነት (ውሃ የማሳለፍ አቅም) ከዝናብ ስርገቱ ጋር አብሬ አሥር እጥፍ ሳሳድገው ከፍታው ያው ነው፤ ከሐይቁ የሚሰርገው ግን አሥር እጥፍ ይሆናል። የቱን ልመን?

መልስ፦ የትኛውንም አይመኑ። ከፍታ ብቻ ሲሰጡት ሞዴሉ የሚያውቀው በስርገትና በአስተላላፊነት መካከል ያለውን ጥምርታ ነው። የግድ ፍሰት መለካት አለብዎት።

መለኪያውን ከምናለሽ ተራ ከሚገኝ በርሜል ይሥሩት። የ200 ሊትሩን የብረት በርሜል ክዳን ካለበት ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቆርጠው፣ በደንብ አጥበው፣ አፉን ወደ ታች አድርገው፣ በትንሹ አዘንብለው ጭቃው ውስጥ ይትከሉት። ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ያስበሱ። በአንዱ ፌስታል የሚታሰርበት ቱቦ ይገባል። ሌላው ከፍ ባለው ጠርዝ በኩል ይሁን፤ ከእሱ የሚነሳው ቀጭን ቱቦ ከሐይቁ ውሃ በላይ መውጣት አለበት። በዚህ ብክለት የበዛበት ጭቃ ውስጥ ጋዝ ይፈጠራል፤ መውጫ ካጣ ውሃውን ገፍቶ ፌስታሉን ይሞላውና ሐይቁ ከሥር ውሃ የሚቀበል ያስመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከተተከለ በኋላ ሁለት ቀን ይረጋ። ከዚያ ፌስታሉን በልክ 1 ሊትር ውሃ ሞልተው፣ አየሩን ጨርሰው አስወጥተው ቱቦው ላይ ይሰሩት። ባዶ ፌስታል ወደ ታች የሚሰርገውን ሊያሳይ አይችልም። ሞገድ እንዳይነካው የተበሳ ጀሪካን ውስጥ ይክተቱት።

አጠገቡ፣ ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ ከሐይቁ ስንት ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ የሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ ይምቱ፤ የታችኛው ጫፍ ተበስቶ በስስ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ቀዳዳዎቹም ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበሉ። ኮትቻ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ውስጥ ውሃው እስኪረጋ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል ተከታታይ ንባቦች እስኪገጥሙ ይጠብቁ።

ፌስታሉ በ24 ሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ጎደለ እንበል። የበርሜሉ አፍ ዲያሜትሩ 57 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 0.255 ካሬ ሜትር ነውና ስርገቱ በቀን 2.35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቧንቧው ውሃ ከሐይቁ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 4 ለ80 ሲካፈል 0.05 ነው። ስርገቱ ለዚህ ሲካፈል የወለሉ አስተላላፊነት በቀን 0.047 ሜትር ነው። ለ50 በ50 ሜትር ሴል (ሞዴሉ ቦታውን ከሚከፋፍልባቸው አራት ማዕዘኖች ለአንዱ) ኮንዳክታንሱ፣ ማለትም ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው የሴሉ ወለል ውሃ የማሳለፍ አቅም፣ 0.047 ሲባዛ በ2500፣ ሲካፈል ለ0.8፤ በቀን 147 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል።

በአንድ በርሜል ሐይቁን ሁሉ አይፍረዱ። ስርገት አብዛኛውን ጊዜ ዳር ላይ ይበረታል፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ይቀንሳል፤ ከዳር እስከ ውስጥ ቢያንስ አምስት ቦታ ይትከሉ። ነሐሴ ላይም ሚያዝያ ላይም ይለኩ፣ አቅጣጫው ከወቅት ወቅት ሊገለበጥ ይችላል። የጉድጓዶቹን አፍ ከፍታ በስልክ ጂፒኤስ ወስደው ከሆነ ግን መጀመሪያ በሰርቬየር ሌቭል ከአንድ መነሻ ነጥብ ያስለኩት፤ የስልኩ ስህተት ሜትሮች ነው፣ እርስዎ የሚፈልጉት ልዩነት ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃው ውስጥ ሲገቡ ረጅም ቦቲና ጓንት ያድርጉ፣ ብቻዎንም አይግቡ።