መልስ፦ የ16 ዓመቱ ልጅ ይያዛል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ደሴ ውስጥ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ሆኖ የክፍል ጓደኞቹን ፌስቡክ ያለፈቃዳቸው እንደሚከፍትና «ማንም አይደርስብኝም» እንደሚል ገልጸው፣ ይያዝ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሊያዝ ይችላል፤ ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚያስይዛቸውም አፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያሁ፣ አማዞንና ሲኤንኤን የተባሉትን ድረ ገጾች ያጨናነቀው «ማፊያቦይ» የተባለ የ15 ዓመት ካናዳዊ የተደረሰበት በቻት ክፍሎች ውስጥ ጉራውን በመንዛቱ ነበር። የእኛዎቹም የከፈቱትን አካውንት ስክሪን ፎቶ አንስተው ለክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካሉ፤ ማስረጃውን ራሳቸው አቀረቡ ማለት ነው።

ልጁ ዝም ቢል እንኳ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ማን፣ መቼና ከየት እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ) ለ1 ዓመት ይዘው እንዲያቆዩ ስለሚያስገድድ፣ ዱካው ቢያንስ እስከ ኢንተርኔት ቤቱ ድረስ ይመራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ፣ ደሴ ደሴ ናትና፣ ባለቤቱ የማን ልጅ እንደሆነ ከነአያቱ ይናገራል። ምንም ሳይሰረቅ ያለፈቃድ መግባት ብቻውን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። በወንጀል ሕጉ ለወጣት ጥፋተኞች የተለየው ሥርዓት ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት በመሆኑ፣ ልጅዎ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው።

ስለዚህ አካውንታቸው የተከፈተባቸው ልጆች የይለፍ ቃላቸውን ዛሬውኑ እንዲቀይሩ ራሱ ይንገራቸው።