ያልተቀመጥኩበት ወንበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቀኝ። የጎረቤታችን ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ እናቱን ለማየት ደሴ ይወጣል። ስልኩ ላይ ቼዝ ይጫወታል። ሚኒባስ ውስጥ የሐረጎን ዳገት እየወጣም ይጫወታል። እዚያ ጥምዝምዙ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥበት በሰዓት ይሸነፋል። «ጋሼ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ነጥቤ 1600 አካባቢ ቆሞ ቀረ። ምን ኦፕኒንግ ላጥና?» አለኝ። ኦፕኒንግ የሚለው የጨዋታ አከፋፈትን ነው።

እኔም መልሼ «ስትሸነፍ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ሪማች እጠይቃለሁ፤ ያው ሰው እንደገና እንዲገጥመኝ። እምቢ ካለኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የረሳሁት የመሰለኝ ነገር መጣብኝ። ይህን ደብዳቤ ለእሱ ብዬ ጀመርኩት። በኋላ ግን እንደ እሱ የምትጫወቱ ሁሉ ብታነቡት ብዬ አሰብኩ።

እኔ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ነበርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በወሎ መንገዶችና ድልድዮች ላይ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የቼዝ አሰልጣኝ አይደለሁም። ቼዝ ግን ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ።

በመጀመሪያ ስለ ልጁ ጨዋታ ላውራ። አስፈቅጄው ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ ያለውን አካውንት ከፈትኩና የመጨረሻ 40 ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሬቲንጉ፣ ማለትም የተጫዋችነት ነጥቡ፣ በብሊትዝ (በፈጣኑ ጨዋታ) 1640 ነው። ሊቼስ አዲስ ተጫዋችን በ1500 ነው የሚያስጀምረው፤ ስለዚህ ልጁ ከመነሻው ከፍ ብሏል። ደካማ አይደለም።

አጥቂ ነው። ነጭ ሲደርሰው ሁልጊዜ የጣሊያንን ጨዋታ ይከፍታል። የንጉሡ ወታደር ሁለት ቤት፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ቢሾፕ። ከዚያ ፈረሱን አስዘልሎ ኤፍ 7 ላይ፣ ከተጋጣሚው ንጉሥ አጠገብ ባለችው የወታደር ቤት ላይ፣ ያነጣጥራል። ኤፍ 7 በጨዋታው መጀመሪያ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የለውም። ፈረሱን ሰጥቶ ንጉሡን ሜዳ ላይ ሲያስወጣው ልቤ ይመታል። በእሱ ዕድሜ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አያቴ ሰንጠረዥ፣ የድሮውን የአገራችንን ቼዝ፣ ይጫወቱ ነበር። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል አለ። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። አያቴ እጃቸው እንዴት ይፈጥን እንደነበር አሁንም ይታየኛል። የልጁ አጀማመር ወረራ ነው። ተጋጣሚው ምን እንዳንቀሳቀሰ ሳያይ የራሱን ይደረድራል። ሰውየው መልሱን ካላወቀ ጨዋታው ቶሎ ያልቃል። ካወቀ ግን ልጁ በአሥረኛው እንቅስቃሴ ላይ ግራ ይጋባል።

ያም ሆኖ ችግሩ መጀመሪያው ላይ አይደለም። ከ40ው ጨዋታ 22ቱን ተሸንፏል። ከተሸነፈባቸው 13ቱ ላይ እየመራ ነበር። ሩክ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ትልቁን ጠጠር፣ በልጦ የተሸነፈበት አለ። ሁለት ወታደር በልጦ በሰዓት ያለቀበት አለ። የሚጫወተው ሦስት ደቂቃ ነው፣ ጭማሪ ሴኮንድ የሌለው። ግማሹን ሰዓት ጥቃቱ ላይ ያጠፋና መጨረሻው ሲደርስ 15 ሴኮንድ ይቀረዋል። አንድ ሌሊት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በተከታታይ አምስት ጊዜ ተሸንፏል። በአንዱና በሚቀጥለው መሃል አሥር ሴኮንድ እንኳ የለም። አንዱንም መለስ ብሎ አላየውም። ይህን ሳይ ነው የራሴ ነገር የመጣብኝ።

1979 ዓ.ም ክረምት ነው። ዕድሜዬ 24። ደሴ ውስጥ በመሥሪያ ቤቶች መካከል የቼዝ ውድድር ተዘጋጀ። ቦታው አራዳ አካባቢ ያለ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና በሩ ድረስ ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም። የቼዝ ሰዓት የለንም፤ የአንዳችን የእጅ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ቦርዱ በእጅ የተቀባ ጣውላ ነው። ከጥቁሮቹ ፈረሶች አንዱ ጠፍቶ በጠርሙስ ቆርኪ ተተክቷል።

የመጨረሻው ዙር ላይ ከአንድ ድሬሰር ጋር ደረሰኝ። ድሬሰር ለማታውቁ፣ በዚያ ዘመን ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ የጤና ሠራተኞች እንዲህ ይባሉ ነበር። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። በግማሽ ነጥብ ይመሩኛል። ካሸነፍኩ ዋንጫው የእኔ ነው። እኩል ከወጣን የእሳቸው።

እንደ ልማዴ አጠቃሁ። እሳቸው ቀስ ብለው እያንዳንዱን ይመልሱታል። አንድ ወታደር በለጥኳቸው። ንግሥቶቹ ተቀያየሩ፣ ፈረሶቹ አለቁ። በመጨረሻ ቦርዱ ላይ አምስት ብቻ ቀሩ። የእኔ ንጉሥ፣ ሩክና ወታደር፤ የእሳቸው ንጉሥና ሩክ። ወታደሬ ሰባተኛው መስመር ደርሷል። ንግሥት ለመሆን አንድ እርምጃ ቀርቶታል። ያቺን ቤት የያዘው ግን የራሴ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ካልወጣ ወታደሩ አይነግሥም። ንጉሡ ሲወጣ ደግሞ የእሳቸው ሩክ ከታች ሆኖ ይጠብቀዋል።

አወጣሁት። ቼክ አሉኝ፤ ሩካቸው ንጉሤ ላይ አነጣጠረ። ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ። ቼክ። ከወታደሩ ብርቅ ወታደሩ ይበላል። ተመልሼ ገባሁ። እንደገና አወጣሁት። ሰዉ ከቦናል፤ አንዳንዱ ጀርባዬ ላይ ይተነፍሳል። እጄ ይንቀጠቀጣል። መንገዱ እዚያ እንዳለ ይሰማኛል፤ አይታየኝም። ያው አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ዳኛው «እኩል» አለ።

እሳቸው አልጨፈሩም። ዋንጫውን እንኳ ዞር ብለው አላዩትም። ከኋላቸው ወንበር ስበው ከጎናቸው አስቀመጡ። «ና እስቲ ልጄ፣ ቁጭ በል። አሸንፈህ ነበርኮ። የት ጋ እንዳመለጠህ ላሳይህ» አሉኝ።

ወንበሩን ያስቀመጡት ከጎናቸው ነው፤ ከፊት ለፊታቸው አይደለም። ይህን ልብ ያልኩት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው። ቦርዱን ከአንድ ወገን ሆነን አብረን እንድናየው ፈልገው ነበር።

እኔ ግን «ይቅርታ ጋሼ፣ እቸኩላለሁ» አልኩ። የምቸኩልበት ቦታ አልነበረኝም። ጨዋታውን የጻፍኩበትን የደብተር ገጽ ቀድጄ፣ አጨማድጄ በሩ ላይ ጭቃው ውስጥ ጣልኩት። ከአራዳ እስከ ቧንቧ ውሃ በዝናብ በእግሬ ሄድኩ። እሳቸው ወንበሩን ይዘው ሲያዩኝ ነበር የወጣሁት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል መስከረም ጠባ። ወደ አሰብ መዛወራቸውን ሰማሁ። ያን ጊዜ አሰብ ሩቅ አልነበረም። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው የሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች በየቀኑ ነበሩ። ሾፌሮቹን አውቃቸዋለሁ፤ ሐረጎ ላይ በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቁ ሲወርዱ ከመንገድ ዳር ሆነን ሰላም እንባባል ነበር። አንዱን «ይህን ወረቀት አድርስልኝ» ብለው ያደርስልኝ ነበር። አላልኩም። ከ1983 በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ1990 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱም ተዘጋ። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በ1992 ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄድኩ። ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስለ ቼዝ መጨረሻ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። እዚያው ቆሜ ስገልጠው የእኔ አቀማመጥ ተሥሎ አገኘሁት። ንጉሥ፣ ሩክ፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ያለ ወታደር። የሉሴና አቀማመጥ ይባላል። ሉሴና እ.ኤ.አ. በ1497 የቼዝ መጽሐፍ ያሳተመ ስፔናዊ ነው፤ የሚገርመው ይህ አቀማመጥ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። መፍትሔው ደግሞ ስም አለው። ድልድይ መሥራት ይሉታል። እኔ በዚያን ጊዜ ኑሮዬ ድልድይ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንጉሥህን ከማውጣትህ በፊት ሩክህን ወደ አራተኛው መስመር ታመጣለህ። በዚያው ሩክ ቼክ ብለህ የተጋጣሚህን ንጉሥ ታርቃለህ። ከዚያ ንጉሥህ ይወጣል። ቼክ እየተባለ በወታደሩ ዙሪያ ወደ ታች ይወርዳል። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሩክህ መሃል ገብቶ ቼኩን ይጋርደዋል። አለቀ። ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ነው። ድሬሰሩ ሊያሳዩኝ የፈለጉት ይህን ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ዘገየሁበት።

በሥራዬ ላይ እንደዚያ አልነበርኩም። ክረምት ሲያልፍ ድልድዮቹን አንድ በአንድ እንዞራለን። ጎርፉ መሠረቱን የት ጋ እንደቦረቦረው ጎንበስ ብለን እናያለን። ደህና የቆመውንም እናያለን። የፈረሰ ካለ ለምን እንደፈረሰ ሳይታወቅ አዲስ አይጀመርም፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ያው ጎርፍ በዚያው ቦታ ይመጣል። ይህን እያወቅኩ የራሴን ጨዋታ ጭቃ ላይ ጣልኩት።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ኦፕኒንግህን አትቀይር። የጣሊያን ጨዋታ ይበቃሃል። አዲስ ኦፕኒንግ ብትይዝ ለሁለት ሳምንት ታሸንፋለህ፤ ከዚያ ያው 1600 ላይ ትመለሳለህ። ያንተ ጨዋታ የሚፈርሰው መጨረሻው ላይ ነው። ሩክ ከሩክ ጋር ሲቀር ምን እንደሚደረግ ተማር። የሉሴናን ድልድይ ያዝ። ለተከላካይ የሚሆነውን የፊሊዶርን አቀማመጥም ያዝ። ሁለቱ በአንድ ቅዳሜ ያልቃሉ።

ሦስት ደቂቃ ጨዋታውን ተወው። ቢያንስ በየእንቅስቃሴው ሁለት ሴኮንድ የሚጨምረውን ምረጥ፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ይሰጥሃል። በቀን አንድ ደግሞ 15 ደቂቃ ተጫወት። እውነቱን ለመናገር እኔም ማታ ማታ ሦስት ደቂቃ እጫወታለሁ። ደስ ይለኛል፣ ደሜ ይሞቃል። ስለዚህ ተወው ያልኩትን ላስተካክል። ተጫወት፣ ግን ስትሸነፍ ሪማቹን አትንካ።

ስለ እንቅልፍና ስለ ሥራ ሰዓት አልናገርም። ያንን እናትህ ትነግርሃለች።

ስለ ዛሬ ልጆች አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ቸኩለዋል ይባላል። እኔ 24 ዓመቴ ላይ ከማንም በላይ ቸኩዬ ነበር፤ ስለዚህ ያንን አልፈርድባችሁም። የሚያሳዝነኝ ብቻችሁን መሸነፋችሁ ነው። እኛን ያሸነፈን ሰው ፊታችን ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሳሉን እንሰማለን፣ ካፖርቱን እናያለን። የእናንተ ስም ብቻ ነው፤ በአንድ ጣት ይጠፋል። በሌላ በኩል እኔ አሥራ ሦስት ዓመት የፈጀብኝን እናንተ በአንድ ደቂቃ ታገኙታላችሁ። ሊቼስ ላይ ትንተናው በነፃ ነው። ኢንጂኑ፣ ጨዋታውን የሚመረምረው ፕሮግራም፣ የተሳሳታችሁበትን እንቅስቃሴ ለይቶ ያሳያችኋል።

ግን ኢንጂኑን ከመክፈታችሁ በፊት ደብተር አውጡ። «እዚህ ጋ የተሳሳትኩ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ እንዲህ አስቤ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። ኢንጂኑ የተሻለውን እንቅስቃሴ ያውቃል፤ እናንተ በዚያች ሰዓት ምን እንደፈራችሁ አያውቅም። ቦትቪኒክ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የራስን ጨዋታ መመርመር ላይ አጥብቆ ያምን ነበር። መሐንዲስ ስለሆነ ይሆን እላለሁ። ያሸነፋችሁን ሰውም በቻት «የት ጋ ነው የተበላሸብኝ?» በሉት። አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ ግን ወንበር ይስብላችኋል።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ። ከኮምቦልቻ ስትወጣ መንገድ ላይ አትጫወት፣ ኔትወርኩ ያስቀጣሃል። ቦርዱን በረንዳው ላይ አወጣዋለሁ፤ ብርድ ከሆነ ውስጥ እንገባለን። ሁለቱን ወንበሮች በአንድ ወገን አስቀምጣቸዋለሁ። ያን አምስት ጊዜ የተሸነፍክበትን ሌሊት ይዘህ ና። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።