ኹላ ሸለቆ (ሰሜን እስራኤል) ለወፍ፦ መልስ

እህቴ፣ «መጋቢት መጨረሻ ላይ ልጆቼን ይዤ ከኔታንያ ወደ ኹላ ብወጣ ወፍ አያለሁ ወይ?» ላልሽው፣ እንዴታ! የፋሲካ ሳምንት ብቻ ይቅርብሽ፣ ከወፉ ሰዉ ይበዛል።

ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ ሰው ሁሌ ያምታታዋል። ጠዋቱን የኹላ ጥብቅ ስፍራ ሂጂ። ረግረጉ ላይ መሄጃ ድልድይ አለ፣ ዳር ዳሩ ደንገል ነው (አዎ፣ ያው የጣና ታንኳ የሚሠራበት)። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ክንፉን ሲያርገበግብ ቆይቶ ድንገት ውሃው ውስጥ የሚወረወረውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ካዩ ልጆቹ ከዚያ አይነቀሉልሽም።

ረፋድ ላይ ወደ አጋሞን ኹላ እለፊ። የኹላ ሐይቅ በ1950ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተንጠፍጥፎ ደርቆ ነበር፣ ይሄኛው በ1994 እንደገና ውሃ የገባበት ነው። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚመለሱት ሽመላዎች በከንቱ ክንፍ መምታት አይወዱም፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ እስኪያነሳቸው ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ያኔ ቀና ብለሽ ሰማዩን እዪ። ፔሊካንም አይጠፋም። ክሬን የሚባሉት ባለረጅም እግር ወፎች ግን አብዛኞቹ ሄደዋል፣ ለእነሱ የብርዱ ወቅት ነው የሚሻለው።

ዙሪያው ለልጆች እግር ረጅም ስለሆነ ብስክሌት ተከራዪ።