ፎቶውን ከማጽዳትህ በፊት ገልብጠው

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። በቀይ ሽብር የተገደለው የአያቱ ወንድም ነው። ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ፣ መሀሉ ላይ ታጥፎ የተሰነጠቀ። «ጋሼ፣ በየትኛው አፕ ላጽዳው? ቀለም ቢገባበት፣ ትንሽም ፈገግ ቢልስ?» አለኝ። ዕድሜዬን ፎቶ ቤት ስለሠራሁ ነው የጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ ለእናንተ ለእኩዮቹም።

1984 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ብዙም አልቆየም። በ1969 እና በ1970 ልጁ የተገደለበት ሰው ማልቀስ እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች አሉ። ያ ሁሉ ታፍኖ የቆየ ልቅሶ አሁን ገና በይፋ መውጣት ጀምሮ ነበር። እናቶች ጉርድ ፎቶ ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። አሳድግልኝ ይላሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ። ፎቶው አራት ቦታ ታጥፏል። ፍራሽ ውስጥ ሰፍተው ነው አሥራ አምስት ዓመት ያቆዩት። «ልጄ፣ ይኼን አሳድግልኝ። ሲደርስ ደግሞ የምጠይቅህ ነገር አለኝ» አሉኝ። ሰው ተሰልፎ ነበር። እሺ እማማ፣ ሐሙስ ይምጡ አልኳቸው። ምንድን ነው የሚጠይቁኝ ብዬ አልጠየቅኩም።

ያኔ በእጄ ሥራ እኮራ ነበር። ፎቶውን ለማቃናት በከባድ ነገር ተጫንኩት። ከዚያ በኮላ ካርቶን ላይ ለጠፍኩት። አንስቼ አሳደግኩት፣ እጥፋቱን በብሩሽ ደፈንኩት። ልጁ የለበሰው ሹራብ ነው፣ አንገቱ የተዛነፈ። እሱን ሸፍኜ ሙሉ ልብስና ከረባት ሳልኩለት። ደንበኛ ሁሉ የሚወደው እንደዚያ ነበር።

ሐሙስ መጡ። ትልቁን ፎቶ አዩና ዝም አሉ። ጣታቸውን ከረባቱ ላይ አሳረፉ። «ሹራቡስ?» አሉ። ራሳቸው ናቸው የሠሩለት። አንገቱ ላይ ሲደርሱ ክሩ አልቆባቸው በሌላ ክር ጨረሱት። ለዚያ ነው የተዛነፈው።

ከዚያ ትንሹን ስጠኝ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ገለበጡት። ካርቶን ነው።

«ጀርባው ላይ የጻፈውስ?»

ልጁ ከቤት የወጣ ዕለት ፎቶውን የሰጣቸው ጀርባው ላይ ጽፎበት ነው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ሰው እንዳያስነብቡ ደግሞ ፈሩ። አሁን ጊዜው ደህና ሆነ ብለው፣ ሊጠይቁኝ የነበረው እሱን እንዳነብላቸው ነው። ለማላቀቅ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ያ ሰማያዊ የልጁ እጅ ጽሑፍ ነበር። አልተቆጡኝም። ገንዘብ አልቀበልም ብላቸው ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። አደባባዩ ያኔ አብዮት አደባባይ ነበር። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ የሰበረበት ቦታ ነው። ውስጥ ግድግዳው ሙሉ ፊት ነው። ከጅምላ መቃብር የወጣው አጥንት፣ ልብሱና ጫማው በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። አጥንት ማንነቱን አይነግርህም፤ ሹራብን ግን የሠራችው እናት ታውቀዋለች። እዚያ ያሉትን ልብሶች ማንም በሙሉ ልብስና በከረባት አልቀየራቸውም። ሙዚየሙን የምወደው ለዚህ ነው። አራት ልጆቻቸውን በአንድ ቀን ያጡ እናት ቃል እዚያ ተጽፏል። በአንድ ሌሊት የወለድኳቸው ይመስል በአንድ ሌሊት ጨረሱብኝ ነው የሚሉት። እሱን ሳነብ ሁልጊዜ የኔዋ እማማ ትዝ ይሉኛል።

ሌላም ትዝ የሚለኝ አለ። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ፎቶ ቤት እላላክ ነበር። ጌታዬ ጨለማ ክፍል ውስጥ የቡድን ፎቶ ኔጋቲቮችን መርጦ ሲያቃጥል አይቻለሁ። አምስት ተማሪ ተቃቅፎ የተነሳው ፎቶ አንዱ ከተያዘ አራቱን ያስይዛል። ብቻውን የተነሳው ግን ተረፈ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

የእናንተን ስልክ አየዋለሁ። ሦስት ሺህ ፎቶ፣ አንዱም ላይ ስም የለም። ማን ነው ይሄ ስላችሁ ከሁለት ዓመት በፊት የተነሳውን ራሳችሁ አታውቁትም። ይህ ያናድደኛል። ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ የሚለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። የሞተን ሰው በአፕ ፈገግ ማሰኘቱን ግን ተዉት። እኔ ከረባት አለበስኩት፣ እናንተ ሳቅ ልታለብሱት ነው። እጥፋቱም የታሪኩ አካል ነው፤ የት ተደብቆ እንደኖረ የሚናገረው እሱ ነው።

ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ፣ ድምፁን ቅረጹ። እንዲህ እላለሁ እንጂ እኔ የራሴን እናት ስለ ወንድሟ ጠይቄያት አላውቅም። አንዴ ስሙን ሳነሳ ቡናውን ትታ ከቤት ወጣች። ዝም ብያት ዝም እንዳለች አረፈች። ትክክል ያደረግሁ ይመስለኛል። ሌላ ቀን ደግሞ አይመስለኝም።

ለልጁ የመለስኩለት አንድ መስመር ነው። ከማጽዳትህ በፊት ገልብጠው አልኩት። ዛሬ ጠዋት የጀርባውን ፎቶ ላከልኝ። የፎቶ ቤት ማኅተም አለው፤ ከሥሩ በእርሳስ «ለእታለም» ይላል። እታለም ማን እንደሆነች ቤት ውስጥ የሚያውቅ አልተገኘም። ናዝሬት አንዲት አሮጊት አክስት አለችው። ቅዳሜ ፎቶውን ይዞ ሊሄድ ነው።